የመቶዋ አምፖል

ግራ አውራ ጣቴ ለእኛ ነው፤ ቀኙ ደግሞ ለእንግዳ።
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከዚች አሮጌ ሰሌዳ
ሥር ተቀምጬ ስቆጥር
ያላየሁት የለም ነገር፤
ዘንድሮ ግን ቀኝ ጣቴ ላይ ቆዳው ውሃ ቋጠረ፣
ግራው ሥራ እንደፈታ ሰው ኪሴ ውስጥ ተኝቶ አደረ።

ሽመላዎቹ ነው ስማችን፤
ኔሙናስ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት ቤታችን፤
የስኳር ፋብሪካ ነበራት፣ ዛሬ ጭስ የሌለው ጭስ ማውጫ፣
አንድ ድልድይ፣ ሁለት ደወል፣ አንድ የድንች መሸጫ፤
ደግሞ ይህ አዳራሽ አለ፣
ጣሪያው በረዶ ተሸክሞ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ።
በዚህ አገር የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤
ቄሱ እንኳ ውጤት ሳይጠይቅ ለስብከት አይቆምም።
ስም ያወጡልን ወፎች ግን በነሐሴ መጨረሻ ሄዱ፤
ብልሆች ናቸው፣ ይህን ዓመት ሊያዩ ስላልወደዱ።

መስከረም ላይ ስንጀምር ማን እንዲህ ይሆናል ብሎ?
አሠልጣኝ ታውትቪላስ መጣ፣ ኮቱን በአንድ ትከሻ አንጠልጥሎ፤
"ስምንተኛ እንወጣለን" አለ፣ ለጋዜጣው ፎቶ ቆሞ።
ከኢንዲያና ቴሬል መጣ፣ ጉልበቱን በፋሻ ጠምጥሞ።

መጀመሪያ በሦስት ነጥብ። ምንም አይደል፣ ተባባልን።
ቀጥሎ በአሥራ አንድ። ዳኛውን ረገምን።
ቀጥሎ በሃያ ስድስት። ያኔ ዳኛውንም ተውን።

ኅዳር ላይ የቴሬል ጉልበት ቀጭ ሲል ከዚህ ሰማሁት፤
ዳኛው ፊሽካ ሳያነሣ ሰዓቱን እኔ አቆምሁት።
ታኅሣሥ ላይ ደሞዝ ዘገየ፤ ጥር ላይ ጭራሹን የለም፤
አሠልጣኙ በጓሮ ወጣ፤ ኮቱን እንኳ አልወሰደም።
ዕዳ ከሜዳ ይባላል፤ እኛ ላይ ግን ሁለት ዕዳ፣
አንዱ ባንክ ቤት የሚወልድ፣ አንዱ የሚበራ ከሰሌዳ።

አምበላችን ማንትቪዳስ ጠዋት ዳቦ ያድላል በመኪና፣
ማታ ዱቄቱን ከክንዱ አራግፎ ይሰለፋል እንደገና።
ሁለት ሺህ የነበረው ሰው ወርዶ ወርዶ መቶ ቀረ፤
ከመቶውም እኩሌታው ማሞቂያ ፍለጋ ነበረ።
ስኪርማንቴ ግን አልቀረችም፣ ወለል ጠራጊዋ ጎረቤቴ፤
"ያሸነፈም የተሸነፈም ላቡ ያው ጨው ነው" ትላለች፣
ጨርቋን እየጨመቀች ከፊቴ።

የካቲት ላይ፣ በእንግዳ በኩል፣ የመቶዋ አምፖል ተቃጠለች።
"መግዣ የለም" አለች ጸሐፊዋ፤ ባዶ መሳቢያዋን ሳበች።
እንግዳው ዘጠና ዘጠኝን ባለፈ ቁጥር ታዲያ
ሰሌዳው መቶውን ይውጥና ይጀምራል ከመጀመሪያ።

የመጨረሻው ጨዋታ።
በረዶው ከጣሪያ ቀልጦ ጠብ ጠብ ሲል በዝግታ፣
ባልዲ አስቀመጥን ከተጠባባቂዎች ተርታ።
ሦስተኛው ሩብ ሳያልቅ ሠላሳ ነጥብ ተበልጠናል፤
አራተኛው ሲጀመር እንግዳው ዘጠና ስምንት ደርሷል።
አንዱ ረጅም ልጃቸው ዘሎ ሰቀላት ኳሷን፤
ቀኝ ጣቴን ጫንሁ፤ ሰሌዳው ዋጣት መቶዋን።

ባለሜዳ፦ ስድሳ ሰባት።
እንግዳ፦ ባዶ፣ ባዶ።

ጸጥታ። ከዚያ አንድ ሕፃን ከአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ
"አሸነፍን!" ብሎ ጮኸ።

መጀመሪያ ስኪርማንቴ ናት የሳቀችው፣ በመጥረጊያዋ ተደግፋ።
ማንትቪዳስ፣ ከመስከረም ወዲህ ጥርሱ ያልታየ፣
ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ፤
እጆቹን ጉልበቱ ላይ ደግፎ
ሳቀ፣ ዕንባው በላቡ ላይ አልፎ።
እንግዶቹም ሳቁ። ዳኛው ፊሽካዋን ነክሶ ሳቀ፤
በያንዳንዱ ትንፋሹ ቲር፣ ቲር ትላለች።

እንዲህ ሆነን፣ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ፣ በሰሌዳ ስንመራ ቆየን፤
መቶው ሰው እንደ ሁለት ሺህ ጮኸ፤ ከልባችን ተጫወትን።

ከዚያ ሰዓቱ አለቀ።
ብዕሬን አወጣሁ። መዝገብ አምፖል የለውም፤
መቶ አሥራ ዘጠኝ ለሰባ አራት፤ አንዲት ነጥብ አልሰረቅሁም።

መብራቱን ሳጠፋ ስኪርማንቴ ባልዲውን ደፍታ መጣች፤
"አምፖሏን ለከርሞ ይቀይሯት ይሆን?" ብላ ጠየቀች።
እንጃ፤ ለከርሞ ከታችኛው ምድብ ነን፤
እዚያ መቶ የሚያገባ ማን አለ?
አልኩና ግራ አውራ ጣቴን
ከኪሴ አውጥቼ አፍታታሁት።